«ያዘለት» ያልነው ፈረስ

ባለፈው ሰሞን ፒያሳ ላይ ሚስማር ወጋኝ። በፈረሰ ቤት አጠገብ ሳልፍ ነው፤ ከጣውላው ጋር የቀረ፣ ዝገት የበላው፣ የድሮ አናጢ የመታው ወፍራም ሚስማር ጫማዬን በስቶ ገባ። መጀመሪያ ያሰብኩት እግሬን አልነበረም። ይሄ የማን ቤት ሚስማር ይሆን እያልኩ ነበር። ኮፍያ የሚጠግነው ሰውዬ ሱቅ እዚህ ጋ ነበር ወይስ ማዶ? ዕድሜ ልኬን የተመላለስኩበት ሰፈር፣ ዛሬ መንገድ ጠያቂ ሆኜ አረፍኩት። ወጣቶቹ «እማማ፣ በዚህ በኩል ይዙሩ» ይሉኛል፤ እዞራለሁ። ምን አደርጋለሁ፤ ለመቆጣትም እኮ ጉልበት ይፈልጋል።

ጎረቤቴ መንጋጋ ቆልፍ ያመጣብሻል ብላ ስላስፈራራችኝ እያነከስኩ አምስት ኪሎ ካለው ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ለእኔ ስለ መንጋጋ ቆልፍ ልታስተምረኝ! መንጋጋው የተቆለፈ ፈረስ አራት እግሩን አንፈራጥጦ ደርቆ ሲቆም ስንቱን አይቻለሁ። ግን አፌን ዘግቼ ሄድኩ። ነርሷ የልጅ ልጄ ልትሆን የምትችል ልጅ ናት፤ ክንዴን በአልኮል ጠረገችው። ያ ሽታ ነው ጉድ ያደረገኝ። ሌላው ሰው አልኮል ሲሸተው ሆስፒታል ትዝ ይለዋል አሉ፤ እኔን ፈረስ ነው የሚሸተኝ። ላብ፣ ቆዳ፣ ጭድ፣ በላዩ ላይ አልኮል። መርፌዬን ወጋችኝና ቶሎ እንዳልሄድ፣ ወንበሩ ላይ ትንሽ እንድቀመጥ ነገረችኝ። ተቀመጥኩ። ከጎኔ አንዲት እናት ሕፃን ታቅፋለች፤ ትናንት የተከተበበት ጭኑ አብጧል። አብረዋት የመጡት ሴትዮ ዳበስ ዳበስ አደረጉትና «እሰይ፣ ይዞለታል» አሉ።

እኔ ሆዬ ሳላስበው ብድግ አልኩ። «ይዞለታል አይበሉ፤ ለነርሷ ያሳዩት» አልኳቸው። ድምፄ ራሴንም አስደነገጠኝ። ሴትዮዋ ክው አሉ፣ እናትየው ልጇን አጥብቃ ያዘች፣ ነርሷ እየሮጠች መጣች። የልጁን ከንፈር አየች፣ ዓይኑን አየች፣ አተነፋፈሱን ሰማች፣ ጭኑን ነካ ነካ አደረገች። ምንም አይደለም፣ በቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ ያዝ እያደረጋችሁ ቆዩ፣ ነገም ካልጎደለ ተመለሱ አለቻቸው። ሰው ሁሉ እኔን ያያል፤ እኚህ አሮጊት ምን ነካቸው ነው ነገሩ። ሕፃኑ ምንም አልሆነም። የሆንኩትስ እኔ ነኝ። ተመልሼ ተቀመጥኩ፤ ያቺን ቃል ከሰማሁ ስንት ዓመቴ።

ጋሪ የፒያሳ ታክሲ በነበረበት ዘመን እኔ የፈረስ ከታቢ ነበርኩ። ወረቀቱ ላይ «የእንስሳት ሐኪም ረዳት» ይላል። ጋሪ ነጂዎቹ ግን ይሄን ሁሉ ርዝመት አልተሸከሙትም። የአራዳ ልጅ ስም ለማውጣት አፍ እስኪከፍት ነው የሚፈጅበት፤ «የፈረስ ሲስተር» አሉኝ፣ በቃ፣ ስሜ ሆኖ ቀረ። ነጭ ጋውን፣ ከሥሩ አጭር ቀሚስ፣ ከዚያ እስከ ጉልበቴ የሚደርስ የጎማ ቦቲ ነበር የምለብሰው። ጸጉሬ አፍሮ ነው፣ እንኳን ኮፍያ በር አያስገባኝም። «ከላይ ሐኪም፣ ከታች ገበሬ» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እኔም አልተኛላቸውም፣ እመልስላቸው ነበር። ያኔ ምላስ ነበረኝ፤ አሁን ምላሱም እንደ ጉልበቴ ደክሟል።

ከአፍንጮ በር ፒያሳ በጋሪ አሥር ሳንቲም ነበር። ማኪያቶ አሥራ አምስት ሳንቲም። ስሙኒ የያዘ ሰው በጋሪ ይወጣል፣ ባንኮኒ ተደግፎ ማኪያቶውን ይጠጣል፣ ወርቅ ቤቶቹን በመስታወት እያየ ሁሉንም እንደገዛ ሰው ተንጎራዶ በእግሩ ይመለሳል። ጎረምሶቹ ከታች የሚሰፋ ሱሪ ለብሰው መንገዱን በሱሪያቸው ይጠርጉታል። ማዕዘኑ ላይ ያለው ሙዚቃ ቤት አንድ ዘፈን ከወደደ ጠዋት ጀምሮ እስከ ማታ እሱን ብቻ ነው የሚለቀው፤ እኔ ስንት ዘፈን ሳልወደው በቃሌ ይዤ ቀርቻለሁ። ከኬክ ቤቱ የቅቤና የቫኒላ ሽታ ይመጣል፣ ከጋሪ መቆሚያው የፈረስ ሽንት። አንዱ ያለ አንዱ ፒያሳ አይመስለኝም ነበር። ዛሬ ሁለቱም የሉም። መንገዱ ሰፊ ነው፣ ንጹሕ ነው፣ መብራቱ ያምራል፤ ሰው ያማረለትን ነገር አላማም። ብቻ ቁጭ ብዬ ላርፍበት የማውቀው ደረጃ አጣሁ።

ጋሼ ሽብሩ የአፍንጮ በር ሰው ነበሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ ካኪ ኮት የማይለያቸው። ፈረሳቸው ዳማ ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ነጥብ ያለው፤ ስሙ ቀጠሮ። ለምን ቀጠሮ እንደተባለ ሲጠየቁ «እኔ ባረፍድ እሱ አያረፍድም» ይላሉ። እውነትም ጠዋት ጠዋት የተማሪ ቤት ሰዓት የሚያደርሱት ሰው አያጡም ነበር፤ ቀጠሮ የደንበኞቹን በር ያውቃል፣ ሳይነገረው ይቆማል። ጋሼ ሽብሩ ሌላ ገቢ የላቸውም። ሚስት፣ አራት ልጅ፣ አንድ ፈረስ። ይሄን የማውቀው እሳቸው ነግረውኝ አይደለም፤ ቀጠሮን ሲጠርጉት አይቼ ነው። ሰው የራሱን ፊት እንኳ እንደዚያ አያጥብም።

ክትባታችን በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ ነው። ዝናቡ ካለፈ በኋላ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ፣ ፈረስ የሚፈጅ በሽታ ነበር፤ ሲመሽ ጭዱን ሲበላ የነበረ ፈረስ ሲነጋ በአፍንጫው ነጭ አረፋ እየደፈቀ ይገኛል። መድኃኒት የለውም፤ ቀድሞ መከተብ ብቻ ነው። አፍንጮ በር ወንዙ ዳር ባዶ ቦታ ነበረች፤ እዚያ እኔና ዶክተር የበረዶ ሳጥናችንን ይዘን እንወርዳለን፣ ጋሪ ነጂው ፈረሱን ፈትቶ ይሰለፋል። ዶክተር ጥሩ ሰው ነበሩ፤ ዝምተኛ፣ ሲጋራቸው ከከንፈራቸው የማይወርድ። የመጀመሪያው ዓመት የመጣው ስምንት ፈረስ ነው። የቀረው መርፌ ይገድላል ብሎ ቀረ። የመጡትም በማግስቱ እየጮሁ ተመለሱብን፤ የፈረሶቹ አንገት መርፌው ያረፈበት ቦታ እንቁላል አክሎ አብጧል፣ አንዳንዱ አንገቱን ወደ መሬት ዝቅ ማድረግ አቅቶታል፣ ጭድ አልበላ ብሏል። «መርፌሽ ፈረሴን አበላሸው» እያሉ ከበቡኝ። ዶክተር በዚያች ሰዓት አልነበሩም። ብቻዬን ነኝ።

ታዲያ ምን ልበላቸው? አንዱን ሽማግሌ ክንዳቸውን ያዝኩና እጅጌያቸውን ሰበሰብኩት። የፈንጣጣ ክትባት ጠባሳ አለ፤ ያኔ ያ ጠባሳ የሌለበት ክንድ የት ይገኛል። «አባባ፣ ይሄ ሲከተቡ አላበጠም? አላመመዎትም? ያበጠው ነው የያዘው። የፈረሱም እንደዚያ ነው፤ አብጧል ማለት ያዘለት ማለት ነው» አልኳቸው። ሽማግሌው ጠባሳቸውን አዩ፣ የፈረሱን አንገት አዩ፣ «እውነቷን ነው» አሉ። አበቃ። ሰዉ ተበተነ፤ እየሳቀ ተበተነ። እኔም በብልሃቴ ኮራሁ። ዶክተር ሲመለሱ ብነግራቸው እሳቸውም ፈገግ አሉ።

ውሸት አልነበረም። ግማሹ እውነት ነበር፤ ከውሸት የሚከፋው ደግሞ እሱ ነው። አንገት ላይ የምትወጣ እብጠት፣ የአንድ ሁለት ቀን ድብርት፣ ትንሽ ትኩሳት፣ ይሄ ያለ ነው። ቀዝቃዛ ጨርቅ ታደርግበታለህ፣ ጭዱን ከፍ አድርገህ ትሰጠዋለህ አንገቱን ዝቅ እንዳያደርግ፣ ሦስት ቀን ከጋሪ ታሳርፈዋለህ፣ ያልፋል። ሌላ ግን አለ። እሱ በማግስቱ አይመጣም፤ መርፌው ከወጣ አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ነው የሚመጣው። ገላው ላይ ሁሉ ባቄላ የተበተነበት ይመስል ጉብ ጉብ ይላል፣ ከንፈሩና የዓይኑ ቆብ ያብጣል፣ ያልበዋል፣ መሬቱን ይጭራል፣ ትንፋሹ ያጥረዋል። ለእሱ ሳጥናችን ውስጥ አድሬናሊን አለች፣ ትንሽ ብልቃጥ። ቶሎ ከተወጋ ይተርፋል፤ ካረፈደ የለም። ዶክተር ሲያስተምሩኝ ግማሽ ሰዓት ከፈረሱ ላይ ዓይንሽን አታንሺ ብለውኛል። ይሄን ሁለተኛውን ለጋሪ ነጂዎቹ አልነገርኳቸውም። ይፈራሉ ብዬ ነው። ስንት ለምኜ ያመጣኋቸውን ሰዎች በአንድ አፍ ላባርራቸው?

ቃሏ ግን ክንፍ አወጣች። በሁለተኛው ዓመት ሃያ ፈረስ መጣ፣ በሦስተኛው ሠላሳ አለፈ። «ያዘለት?» «ያዘለት!» ሰላምታቸው ሆነ። ፈረሱ ያላበጠበት ሰው ፊቱ ይጠቁራል፤ የእኔ ለምን አልያዘለትም፣ መርፌው ውኃ ነው ወይ፣ ድገሚልኝ ብሎ ከሥራ የሚያስፈታኝ ነበር። አንዱ እንዲያውም በኋላ መጥቶ አብጧል አለኝ፤ ባየው ለካ ራሱ በቡጢ ነርቶት ነው። ሳቅን። ወይ መሳቅ። እኔ ያን ጊዜ ነበር መንቃት የነበረብኝ፤ እብጠት እንደ ሽልማት ሲቆጠር እያየሁ ዝም አልኩ።

ቀጠሮ በሦስተኛው ዓመት ነው። ቀኑ ሞቃት ነበር፣ ሰዉ ብዙ፣ ዶክተር ለሌላ ጉዳይ ተጠርተው ሄደው ብቻዬን ቀርቻለሁ። ጋሼ ሽብሩ እንደ ልማዳቸው ከፊት ነበሩ። ቀጠሮ መርፌ አይፈራም፤ ወጋሁት፣ ጆሮውን አሸት አሸት አደረግኩለት፣ ወደ ጥላው ውሰዱት አልኩና ወደ ቀጣዩ ዞርኩ። ከዚያ አንድ ተራጋጭ ነጭ ፈረስ ደረሰኝ፤ ሁለት ሰው ይዞት እንኳ ሊረግጠኝ ነው። እሱ ላይ እያለሁ ከኋላዬ የጋሼ ሽብሩን ድምፅ ሰማሁ። ደስታ ያለበት ድምፅ ነበር፤ አሁንም እንደዚያው ይሰማኛል።

«ሲስተር፣ የእኔ ከሁሉም በለጠ፤ ሳይውል ሳያድር ያዘለት! ፊቱ ሁሉ ያዘለት!»

እኔም ሳልዞር «እንኳን ደስ አለዎት ጋሼ» አልኩ።

ፊቱ ሁሉ ነው ያሉኝ። ፊቱ ሁሉ። ክትባት አንገት ላይ ተወግቶ ፊት ምን አገባው? ጆሮዬ ሰምቶታል፤ ግን ያቺ ቃል ከፊት ስለመጣች ከኋላዋ ያለውን አልሰማሁትም። ሰዉ አጨበጨበላቸው። ደግሞ ሦስት ቀን አሳርፉ ብላቸውም የሚያሳርፍ አልነበረም፤ ፈረስ ሲቆም ምድጃም ይቆማል። ጋሼ ሽብሩ ፒያሳ የሚያደርሱት ሰው ነበራቸውና ቀጠሮን ጋሪው ላይ አሰሩት። ከወንዙ ወደ ፒያሳ ያለው ዳገት ያኔም ዛሬም ያው ዳገት ነው። ባለፈው ወር በእግሬ ስወጣው ሦስት ጊዜ ቆምኩ።

መሣሪያዬን ሳጥን ውስጥ ስመልስ አንድ ነጂ ጋሪውን እያስጋለበ መጣ። የጋሼ ሽብሩ ፈረስ ወርቅ ቤቶቹ ፊት ወደቀ አለኝ። ሳጥኑን አንስቼ ጋሪው ላይ እንዴት እንደወጣሁ አላውቅም። ስንደርስ ሰዉ ቀለበት ሠርቷል። አንዱ ቡዳ ነው፣ የሚታጠን ይምጣ ይላል፤ ሌላው ጆሮውን ብጡት፣ ደም ይውጣ ይላል። አንድ ወርቅ ሠሪ በባልዲ ውኃ ይዞ ቆሟል፣ የት እንደሚያፈሰው አያውቅም። ቀጠሮ በጎኑ ተኝቷል። ገላው ጉብ ጉብ ብሏል፣ ዓይኖቹ በእብጠት ተከድነዋል፣ ከንፈሩ የእሱ አይመስልም። ትንፋሹ እንደሚዘጋ በር ያቃስታል። አድሬናሊኑን ወጋሁት። ሥራዬን አውቃለሁ። ያጣሁት ሰዓቱን ነው። ጋሼ ሽብሩ ጭንቅላቱን ጭናቸው ላይ አድርገው አስፋልቱ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ኮታቸውን አውልቀው አልብሰውታል። ጥቂት ቆየና እግሩን ዘረጋ፣ አበቃ። ማዕዘኑ ላይ ያለው ሙዚቃ ቤት ዘፈኑን አላቋረጠም። ዘፈኑ የቱ እንደነበር አውቀዋለሁ፤ ሬዲዮ ላይ ከመጣ እነሳና እዘጋዋለሁ።

ዶክተር ኋላ ደረሱ። ፈረሱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ሁሉም ገባቸው። ለሰዉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ልቡ ነው። ሙቀቱና ዳገቱ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ ጥግ ወሰዱኝና ቀስ ብለው ነገሩኝ፤ ክትባቱ ነው ካልን በሚመጣው ዓመት አንድ ፈረስ አይመጣም፣ ካልመጣ ደግሞ ጥቅምት ላይ ሁሉም ያልቃል፤ አንድ ሞተ፣ ሠላሳው እንዲተርፍ ዝም በይ። ክፉ ሰው ሆነው አልነበረም። ሒሳባቸውም ልክ ነበር። ዝም አልኩ። ጋሼ ሽብሩ ግን ከተቀመጡበት ቀና ብለው አዩኝ።

በሦስተኛው ቀን ቤታቸው ሄድኩ። ለፈረስ ለቅሶ አይደረስም፣ ግን እግሬ እምቢ አላለኝም። ግቢያቸው ውስጥ ጋሪው ዘንጎቹን መሬት አስነክቶ ተደፍቷል፤ እሳቸው አንደኛው ዘንግ ላይ ተቀምጠዋል። ልጆቹ ከበር ሆነው ያዩኛል፣ ሚስትየው ወንበር አወጡልኝ። አልተቀመጥኩም። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ልቡ እንዳልሆነ፣ ክትባቱ እንደሆነ፣ መድኃኒቱ ከኋላዬ ሳጥን ውስጥ እንደነበር፣ ሲጠሩኝ አለመዞሬን። እንዲጮሁብኝ ፈልጌ ነበር። ዱላ ቢያነሱብኝም እቀበል ነበር። እሳቸው እስክጨርስ ጠበቁኝና ቀስ ብለው ተናገሩ።

«ፈረሴን አልጠይቅሽም፤ የፈረስ ነፍስ እጅሽ ላይ የለም። ግን ያቺን ቃል ያመጣሽልን አንቺ ነሽ፣ እኛ ከየትም አላመጣናትም። አንቺው መልሻት። እዚያው ሜዳ ላይ፣ ሁሉም እየሰማ መልሻት።»

አንድ ዓመት ሙሉ ይሄን ነገር ይዤ ዞርኩ። ዶክተርን ባማክር አይሆንም አሉ። እኔም በልቤ አይሆንም አልኩ፤ ብዙ ሌሊት አይሆንም ብዬ ተኛሁ። በመሀል ጋሼ ሽብሩ ጋሪውን ሸጠው ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት በር ላይ ዘበኛ ሆነው ገቡ። ማኪያቶ ልጠጣ ስሄድ በሩን ይከፍቱልኛል። ኮታቸው ተለውጧል፣ ቁልፉ የሚያበራ ረጅም ካፖርት ነው፤ ሰላምታችን አልተለወጠም። ስለ ቃሏ ደግመው አንድ ቀን አላነሱብኝም። ቢያነሱ ይሻለኝ ነበር። ኋላ ማኪያቶውን ተውኩት።

ክትባቱ ደረሰ። ሠላሳ ከምናምን ፈረስ ወንዙ ዳር ተሰልፏል፣ ሰዉ ይጫወታል፣ ዘንድሮ ለማን ቀድሞ ይይዝለት ይሆን ይባባላል። ዶክተር ሲጋራቸውን እየለኮሱ ነበር። እኔ አንዱ ጋሪ ላይ ወጣሁ። ስሙኝ አልኩ። ዓምና የጋሼ ሽብሩን ፈረስ የገደለው ልቡ አይደለም፣ ይሄው መርፌ ነው አልኩ። ከብዙ ፈረስ አንዱን እንዲህ እንደሚያደርገው፣ ምልክቱ ምን ምን እንደሆነ፣ በስንት ደቂቃ እንደሚመጣ፣ ቶሎ ከነገራችሁኝ እንደማድነው ነገርኳቸው።

«ያዘለት ያልኳችሁ እኔ ነኝ። አላዋቂ ሆኜ አይደለም፤ ትፈራላችሁ ብዬ ግማሹን ደበቅኳችሁ። ከዛሬ ጀምሮ ማንም ያዘለት እንዳይለኝ። ያበጠ ነገር ካያችሁ ጥሩኝ።»

ከዚያ የፊተኛው፣ የፈንጣጣ ጠባሳቸውን ያሳየሁባቸው ሽማግሌ፣ ልጓሙን ስበው ፈረሳቸውን አዞሩ። ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ አምስት፣ እያለ ቀጠለ። ዶክተር ጀርባቸውን ሰጡኝ። ያኔ ነው ጋሼ ሽብሩን ያየኋቸው፤ ከሥራ አስፈቅደው መጥተው፣ በዚያ ካፖርት፣ ያለ ፈረስ፣ ሰልፉ መሀል ቆመዋል። ድምፃቸውን ሳያነሱ «እኔ ፈረስ የለኝም። ቢኖረኝ ግን ዛሬ አንደኛ የሚወጋው የእኔ ነበር። ዓምና ዞራ አላየችም፣ ዘንድሮ ታያለች» አሉ። የሄደው አልተመለሰም። የቀረው ግን ቀረ፤ ግማሽ ያህሉ። አንድ በአንድ ወጋሁ። ጋሼ ሽብሩ ከፈረስ ፈረስ እየዞሩ ከንፈርና ዓይን ሲያዩ ቆዩ፤ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ጋሪ ላይ ሊያስር የሞከረውን በዓይናቸው ብቻ መለሱት። ማንም ያዘለት አላለም።

ክረምቱ አለፈ፣ መስቀል ተከበረ፣ በሽታው መጣ። እኛ ከከተብናቸው አንድም አልሞተም። ከሄዱት ሰዎች ግን ስድስት ጋሪ ያለ ፈረስ ቀረ፤ ከስድስቱ አንዱ የሽማግሌው ነው። ዶክተር ነግሬሽ ነበር አላሉኝም፤ ሲጋራቸውን ለኩሰው ወደ መስኮቱ ዞሩ፣ እሱ ይበቃል። ለሽማግሌው ሰላም ልል ሄጄ በር አልከፈቱልኝም። ከዚያ ሌላ መሄጃ አጣሁና ወደ ኬክ ቤቱ ወጣሁ። ወርቅ ቤቶቹን ሳልፍ መሬት መሬቱን እያየሁ ነበር። ጋሼ ሽብሩ በሩ ላይ ቆመዋል። ለመግባት አለመምጣቴን አውቀው በሩን አልከፈቱልኝም።

«ጋሼ፣ ደብቄም ገደልኩ፣ ተናግሬም ገደልኩ። ምን ይሻለኛል?» አልኳቸው።

ካፖርታቸውን ወደ ላይ ሳብ አደረጉ፣ መንገዱን አዩት፤ ቀጠሮ የወደቀበት ቦታ ከዚያ በር ላይ ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ለካ በየቀኑ እሱን እያዩ ነበር የሚቆሙት።

«እነሱ ፈረሳቸው ሲታመም ታመመ ብለው አውቀውለታል። ውኃ አቅርበውለታል፣ ጨርቅ አልብሰውታል፣ አልቅሰውለታል። የእኔ ግን እየሞተ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር የነዳሁት። እያፏጨሁ ዳገቱን አስወጣሁት፣ ሲያዘግምብኝ አለንጋ አሳረፍኩበት። ሲስተር፣ ይሄን ለማንም አልመኝም። ለዚህ ነው መልሻት ያልኩሽ።»

አንድ ሰው ኬክ ሊገዛ መጣ፤ ጋሼ ሽብሩ ኮፍያቸውን ነካ አድርገው በሩን ከፈቱለት።